ጧሪ ማን ነው? በወሎ ቤተሰብ ውስጥ ወላጅና ልጅ የሚደጋገፉበት መንገድ

በወሎ ቡና ተፈልቶ በረካው ሲወርድ፣ እጃቸውን ዘርግተው የሚመርቁ አረጋዊ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ሳይሉ አይቀሩም። አሜን የሚለው ወጣት ቃሉን ገና ስላልደረሰበት እርጅናው የተነገረ አድርጎ ይሰማዋል። መራቂው ግን ከፊታቸው የተቀመጠውን ልጅ እያዩ ስለ ራሳቸውም ጭምር እየተናገሩ ነው፤ በምርቃቱ ውስጥ ልጁ ለእርሳቸው ያለበት አደራ አብሮ ይነሣል።

ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ያንን አደራ ነው። ጉዳዩ በየቤቱ የሚታወቅ ስለሆነ ማብራሪያ የማያሻው ይመስላል። ይሁን እንጂ በሽማግሌም ሆነ በፍርድ ቤት ፊት ከሚቀርቡት የቤተሰብ ክርክሮች ብዙዎቹ የሚነሡት፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት ስለ አንዱ አደራ የተለያየ ሐሳብ ይዘው ሳሉ ተስማምተው የሚኖሩ ስለሚመስላቸው ነው። መሬቱ እየጠበበ መሄዱና ከዐረብ አገር የሚላከው ገንዘብ በቤተሰብ ኑሮ ውስጥ የያዘው ቦታ ደግሞ ጥያቄውን ከመቼውም ይልቅ አጣዳፊ አድርገውታል።

መጦር ሲባል ምን ማለት ነው?

መጦር ማለት ሠርቶ መብላት ያቃተውን ወላጅ ወይም ዘመድ መመገብ፣ ማልበስ፣ ማስታመምና በክብር ማኖር ነው። መሥሪያ ቤት ለአገለገለ ሠራተኛ የሚከፍለው ጡረታም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግሥ ነው። «ቀባሪ» የሚለው ቃል አጠገቡ የሚቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። በወሎ መቃብር የሚቆፍረውና ሐዘንተኛውን የሚያስተናግደው ቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ ዕድር፣ ቢሆንም፣ የቅሬውን መዋጮ ሳያቋርጥ የሚከፍል፣ ለቅሶ የሚቀመጥና እንደ ሃይማኖቱ ሰደቃውን ወይም ተዝካሩን የሚያወጣ ልጅ ያስፈልጋል።

ከመጦር ጋር የሚምታቱ ሦስት ቃላት አሉ። ጎጆ መውጫ ወላጅ ለሚያገባ ልጁ ከብት፣ እህል፣ የቤት ዕቃ ወይም የሚታረስ መሬት ቆርሶ የሚሰጠው መቋቋሚያ ነው። ቀለብ በሕግ ቋንቋ አንድ ሰው ለተቸገረ ዘመዱ እንዲሰጥ የሚገደድበት የመኖሪያ ድጋፍ ነው። ውርስ ከሞት በኋላ የሚተላለፍ ንብረት ነው። መጦር ሦስቱንም ይነካካል እንጂ ከሦስቱ አንዱም አይደለም፤ ብዙው ጠብ የሚጀምረው አንዱ «ጦርኩ» ሲል ሌላው «ወራሽ ሊሆን ነው» ብሎ ሲሰማ ነው።

ሰጪው ልጁ ብቻ ነው?

አይደለም፤ በጣም የተስፋፋው ስሕተትም ይህ ነው። ነገሩን በዕቁብ መስሎ ማየት ይቀላል። በዕቁብ ሁሉም በየሳምንቱ ይጥላል፣ ዕጣው ግን በየተራ ይወጣል፤ ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከበላ በኋላም መጣሉን ይቀጥላል። በቤተሰብ ዕቁብ የመጀመሪያው ዕጣ ሁልጊዜ የሚወጣው ለልጁ ነው። ጡት ይጠባል፣ ይታዘላል፣ ይማራል፣ ይዳራል፤ የመጣል ተራው የሚደርሰው ወላጁ ሲደክም ነው። የገንዘቡ ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ ስላለው ማን ስንት እንደጣለ ይታወቃል፣ አስቀድሞ የወሰደም ተያዥ ያቀርባል። የቤተሰቡ ዕቁብ ግን ጸሐፊም ተያዥም የለውም፤ መዝገቡ ያለው በየሰዉ ልብ ውስጥ ነው፣ የየሰዉ መዝገብም የተለያየ ነው።

ምሳሌው የማይሠራበትም ቦታ አለ። ልጅ የወሰደውን ሁሉ ለወላጁ አይመልስም፤ አብዛኛውን ለራሱ ልጆች ያስተላልፈዋል። አያቶችም ይህን ስለሚያውቁ የልጅ ልጃቸው በደንብ ሲያድግ ብድራቸው እንደተከፈለ የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው።

ደግሞም አረጋውያን እስከ መጨረሻው ድረስ ሰጪዎች ናቸው። ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት ትመጣለች፤ ካልሆነም እናት ገንፎውንና ቅቤውን ይዛ ወደ ልጇ ትሄዳለች። አራሷን የምታጥብ፣ የምታጎርስ፣ ሌሊት ሕፃኑን የምታባብል እናት የምትሰጠው ጉልበት በብር ቢተመን፣ ከተማ ላይ ለሞግዚት የሚከፈለውን የሚያውቅ ሰው ዋጋውን አይስተውም። በሌላ በኩል የልጅ ልጅን ለአያት መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ልጁ ውኃ ይቀዳል፣ እሳት ይጭራል፣ ሌሊት ድምፅ ይሆናል፤ በምላሹ ይበላል፣ ይማራል፣ ተረትና ምርቃት ይሰማል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ማን ማንን እንደሚጦር መለየት አይቻልም፤ በእኔ እምነት መለየትም አያስፈልግም።

መሬት እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

በወሎ ገጠር በወላጅና በልጅ መካከል ያለው ሚዛን ከመሬት ሥርዓት ጋር ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። ቀድሞ በርስት ዘመን ልጅ በአባቱም በእናቱም ወገን መሬት የመጠየቅ መብት ነበረው፤ ድርሻውን የሚያውቁለትና የሚመሰክሩለት ግን ሽማግሌዎቹ ስለነበሩ እነርሱን ማስቀየም መሬትን ማጣት ሊሆን ይችል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሲያደርግና ክፍፍሉ በገበሬ ማኅበር እጅ ሲገባ፣ ያገባ ወጣት መሬት የሚጠይቀው ከአባቱ ይልቅ ከማኅበሩ ሆነ። ጎጆ መውጣት ከአባት ፈቃድ በከፊል ተላቀቀ።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አሁንም የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የመሬት ድልድል ከቆመ ወዲህ ግን ለአቅመ አዳም የደረሰ ወጣት አዲስ መሬት የሚያገኝበት በር ጠቧል። የቀረለት መንገድ ወላጆቹ በስማቸው ከያዙት ላይ በስጦታ፣ በውርስ፣ በኪራይ ወይም በእኩል ማግኘት ነው። በእኩል ማረስ ማለት ባለመሬቱ መሬቱን፣ አራሹ በሬውንና ጉልበቱን አቅርበው ምርቱን መካፈል ነው፤ ዛሬ የገዛ እናቱን መሬት በእኩል የሚያርስ ልጅ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። በርስት ዘመን እንደነበረው ሽማግሌው እንደገና የመሬቱን ቁልፍ ያዘ፤ በዚህ ጊዜ ቁልፉ በተለምዶ «ደብተር» የሚባለው የይዞታ ማረጋገጫ ነው። ወላጅ ደብተሩን እስከ ዕለተ ሞቱ የማይለቅበትን ምክንያት ንፍገት አድርጎ የሚያይ ልጅ ይሳሳታል። ለብዙ አረጋዊ ያ ደብተር ብቸኛው ጡረታ ነው።

ሃይማኖት መጦርን እንዴት ያየዋል?

ወሎ ውስጥ በአንድ ቤተ ዘመድ ሙስሊምና ክርስቲያን መገኘት የተለመደ ስለሆነ ሁለቱም ሊታዩ ይገባል፤ የሚገርመውም ሁለቱ በአንድ ቁልፍ ነጥብ መገናኘታቸው ነው። በእስልምና ሕግ ዘካ ለወላጅና ለልጅ አይሰጥም። ምክንያቱ እነርሱን መቀለብ ራሱን የቻለ ግዴታ ስለሆነ፣ ሰው ግዴታውን በዘካው ሊሸፍን ስለማይችል ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ደግሞ ኢየሱስ፣ ለወላጆቻቸው ሊሰጡት የሚገባውን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ እያሉ ከመርዳት የሚሸሹትን ይገሥጻል። በሁለቱም መንገድ የወላጅ ድርሻ ከምጽዋት ተራ የወጣ ነው። ለመስጊድ ወይም ለቤተ ክርስቲያን በሰፊው የሚሰጥ ልጅ እናቱን ቢያስርብ ስጦታው አይሸፍንለትም።

ልጅ «አልጦርም» ቢል ሕጉ ምን ይላል?

ሕጉ ዝም አይልም። በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአማራ ክልል ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የወጡት የቤተሰብ ሕጎች ቀለብ የመስጠትን ግዴታ ይደነግጋሉ። ግዴታው ምግብን ብቻ ሳይሆን መጠለያን፣ ልብስንና ሕክምናን ይጨምራል። የሚሠራው በሁለቱም አቅጣጫ ነው፤ ወላጅ ለልጅ፣ ልጅም ለወላጅ ግዴታ አለበት፤ ወንድምና እህትም ከግዴታው ውጭ አይደሉም። ቀለብ የሚጠይቅ ሰው የተቸገረና በሥራው ራሱን መቻል ያቃተው መሆን አለበት። መጠኑ የሚወሰነው የጠያቂውን ፍላጎትና የሰጪውን አቅም በማመዛዘን ሲሆን፣ ሁኔታው ሲለወጥ ሊሻሻል ይችላል። በግዴታው ቅደም ተከተል የትዳር ጓደኛ ይቀድማል፤ ከዚያ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ከዚያ ወላጆች፣ ከዚያም ወንድምና እህት ይመጣሉ።

ይህን መብት ፍርድ ቤት ሄደው የሚጠይቁ ወላጆች ግን ጥቂት ናቸው። እናት ልጇን ከሳ የምታገኘው ብር ጎረቤት ፊት የሚያስከፍላት ኀፍረት አለ፤ ስለዚህ ጉዳዩ ቀድሞ ለሽማግሌ ይነገራል። ሽማግሌ ፊት የሚነሣው ጥያቄ ከሕጉ የተለየ መሆኑን ልብ ማለት ይጠቅማል። ሕጉ «ችግር አለ ወይ? አቅም አለ ወይ?» ይላል፤ ሽማግሌው ግን «ማን ምን አደረገልህ?» ብሎ ይጀምራል፤ ስለዚህ ልጁን በልጅነቱ ጥሎት የሄደ አባት ሽማግሌ ፊት አንገቱን ይደፋል።

ስጦታ፣ ኑዛዜና ውርስ በምን ይለያያሉ?

ልዩነቱ ሰዓት ላይ ነው። ስጦታ በሕይወት ሳሉ የሚተላለፍ ነው፤ መሬት ከሆነ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ደብተሩ ወደ ተቀባዩ ይዞራል። ኑዛዜ የሚሠራው ከሞት በኋላ ስለሆነ ተናዛዡ ሐሳቡን ከለወጠ በማንኛውም ጊዜ ሊሽረው ይችላል። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ ወዲያውኑ በሁሉም ይፈረማል። ማንበብ የማይችሉ አረጋዊ በአራት ሰው ፊት ቃላቸው ሲነበብላቸው መስማታቸው ትልቅ ጥበቃ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች፣ ወንዱም ሴቷም፣ እኩል ይካፈላሉ፤ የጦረውና ያልጦረው በሕጉ ፊት አንድ ናቸው።

ተከራካሪዎቹ ሙስሊሞች ሆነው ሁሉም ከተስማሙ ጉዳዩን የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል፤ ስምምነቱ የግድ መሆኑ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የሚመነጭ ነው። በዚያ መንገድ ወንድ ልጅ የሴትን እጥፍ ይወስዳል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የወላጆችን ድርሻ ነው። ልጆች ያሉት ሰው ወላጆቹን ቀድሞ ቢሞት አባቱና እናቱ እያንዳንዳቸው አንድ ስድስተኛ ያገኛሉ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን የሟች ልጆች ካሉ ወላጆች አይወርሱም። ልጁን ለቀበረ አዛውንት ይህ የኑሮ ጉዳይ ነው። በሸሪዓ ኑዛዜ ከሀብቱ አንድ ሦስተኛ አያልፍም፤ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱም ለወራሽ አይናዘዝም። ስለዚህ «ለጦረችኝ ልጄ ቤቱን ተናዝዣለሁ» የሚል ቃል፣ ወንድሞቿ እንቢ ካሉ፣ ሊፈርስ ይችላል።

መንግሥትስ?

በአጭሩ፣ መንግሥት ከቤተሰብ ጎን ይቆማል እንጂ ቤተሰብን አይተካም። ጡረታ የሚደርሰው ደመወዝተኛ ለነበረ ሰው ነው፤ በግል ድርጅት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፣ መደበኛው የመውጫ ዕድሜም 60 ነው። ገበሬውና የቤት እመቤቷ በዚህ ውስጥ የሉም። በ1997 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ለሌለው ቤተሰብ ሥራ ሳይጠይቅ የቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ሙከራው ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች፤ ልጅ ለእናቱ ዓመታዊውን መዋጮ በጊዜው ማሳደሱ ዛሬ ከመጦር ሥራዎች አንዱ ሆኗል።

ከዐረብ አገር በተላከ ብር የተሠራው ቤት የማን ነው?

ከላይ የተነገረው ሁሉ የሚገናኘው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ከሐብሩ፣ ከወረባቦ፣ ከቃሉና ከሌሎች የወሎ ወረዳዎች ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የዐረብ አገሮች የሄዱ ልጆች ብዙ ናቸው። የሚልኩት ብር ዋጋው እንደ ምንዛሪው ይለዋወጣል። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። የሳዑዲ ሪያል ለዶላር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ስለሆነ፣ 15,200 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው 1,000 ሪያል ከ26,000 ብር በላይ ሆነ። ልጅቷ የላከችው ያው ነው፣ ላቧም ያው ነው፤ አገር ቤት ያለው ሰው ግን ጨምራ የላከች መስሎት ይጠብቃል፤ የቆርቆሮውና የሲሚንቶው ዋጋም አብሮ ወጥቷል። መላኩ ሊቋረጥም ይችላል። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 160,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ ትናንት ጧሪ የነበሩ ልጆች በአንድ ሌሊት ወደ እናታቸው ጓዳ ተመልሰዋል። የተቀበላቸው ያው የቤተሰብ ዕቁብ ነው።

ከሐይቅ ከተማ ብዙም በማይርቅ መንደር አንድ ቤት ገብቼ ያየሁትን ልንገር። ባለቤቲቱ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። ሴት ልጃቸው ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፤ የእርሷን ልጅ የሚያሳድጉት እርሳቸው ናቸው። ወንድ ልጃቸው ማዶ ጎጆ ወጥቶ የእናቱን ማሳ በእኩል ያርሳል፤ እናቱ ሲታመሙም ደሴ ይዟቸው የሚሄደውና ሆስፒታል ወለል ላይ የሚያድረው እርሱ ነው። የሣር ቤቱ ፈርሶ ባለ አርባ ቆርቆሮ ቤት ተሠርቷል። በኢሞ ስልክ ሲደወል እናትና ልጅ እንዲህ ተባባሉ፦

«እማ፣ ብሩ ደረሰሽ?»

«ደርሷል ልጄ፣ አላህ ከክፉ ይጠብቅሽ። ለበሩ ሰጥቻለሁ። ልጅሽም ደብተር ገዝታለች።»

«በደብተሯ ታስፍረው።»

የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ የምታሰፍርበትን ደብተር አሳየችኝ። በእርሳስ፣ በተጠነቀቀ የልጅ እጅ፣ ወር በወር የመጣው ብርና የተገዛው ዕቃ ተጽፏል፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ አናጢ፣ በር።

ይህ ደብተር ከብዙ ጠብ ያድናል፤ ምክንያቱም ቦታው በአሮጊቷ ስም ስለሆነ፣ ሌላ ማስረጃ ከሌለ ቤቱም የእርሳቸው ተደርጎ መቆጠሩ አይቀርም። እርሳቸው ሳይናገሩ ቢሞቱ ቤቱ ወደ ውርስ ይገባል፤ ያሠራችው ልጅ የምታገኘው የወራሽነት ድርሻዋን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ እናት በሕይወት ሳሉ ሦስት ነገሮች ተለይተው መጻፍ አለባቸው። የተላከው ብር ለቤቱ ሥራ ነው ወይስ ለእናት ቀለብና ለልጅ ማሳደጊያ? ቤቱ የልጅቷ ንብረት ነው ወይስ ለእናቷ የሰጠችው ስጦታ? ከእናት በኋላስ ቦታው ለማን ይሆናል? ቤቱ የልጅቷ ነው ከተባለ ገና ከመነሻው ውርስ ውስጥ ስለማይገባ፣ ከኑዛዜው ገደብ ጋር የሚጋጭ ነገር አይኖርም። ወንድምየው በውሉ ላይ መስማማቱንና መፈረሙን ግን ቸል ማለት አይገባም። እርሱ ከሌለበት ወረቀቱ የጦረችዋን ይጠብቃል፣ የጦረውን ግን ይረሳል፤ የእርሱ እርሻና የሆስፒታሉ ሌሊት በደብተሩ ውስጥ የለምና።

ይህንኑ ለአሮጊቷ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ልጅቷን ደብተሩን ከጀርባው በኩል እንድትገልጠው አዘዟትና አጎቷ ያረሰበትን፣ ያጨደበትን፣ ደሴ ያደረበትን እያስታወሱ ነገሯት። ቀኑን ባያውቁት «የመውሊድ ሰሞን»፣ «ማሽላው ሲጠበቅ» እያሉ አስጻፏት። ገጹ ሊሞላ ሲል ልጅቷ ቀና ብላ «የእኔስ ይጻፍ?» አለቻቸው።

«ጻፊው እንጂ» አሏት።

ከአጎቷ ስም በታች የራሷን ስም ጻፈችና አጠገቡ «ውኃ፣ በየቀኑ» አለች።